ስለ ፈረስ መኖ ማሟያና ስለ ጡንቻ ጂኖች፤ ከራቤል ፈረስ አንጻር የቀረበ ሂስ

ከመኖ ላይ ተጨምሮ የሚሰጥ ማሟያ በፈረስ ጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ የጂኖችን ሥራ ያነቃል የሚሉ ጥናቶች በዝተዋል። የፈረስ ጂኖም በ2009 (እ.አ.አ.) ታትሞ ከወጣ ወዲህ እያንዳንዱን ጂን ለይቶ መመርመር ቀሏልና ይህ አያስደንቅም። እኛ ግን አሠራራቸውን ስንመለከት መነሻቸውና መደምደሚያቸው ብዙ ጊዜ ተራርቀው አግኝተናቸዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ከፈረሱ ዳሌ በወፍራም መርፌ ጥቂት ጡንቻ ይወሰዳል፤ ከዚያም ሊባዙ የሚችሉት ሕዋሳት ተለይተው በሳሕን ላይ ይራባሉ። ማሟያው ከተጨመረባቸው በኋላ ከየጂኑ የተቀዳው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ይለካል፤ መልእክቱ ከበዛ ጂኑ ነቅቷል ይባላል። እስከዚህ ድረስ ነቀፌታ የለንም፤ እንስሳውን ሳያስጨንቁ ብዙ ነገር መጠየቅ ያስችላልና። ችግሩ የሚጀምረው «ስለዚህ ፈረሱ ይበረታል» ሲባል ነው።

ለምሳሌ ያህል ለእርድ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠውን ኩርኩሚንን እንውሰድ። ከሕዋስ ላይ በቀጥታ ሲፈስ ብዙ ጂኖችን ይነካል። በአፍ ሲገባ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ያንኑም ጉበት ፈጥኖ ይለውጠዋል። በተጨማሪም ፈረስ ገለባውን የሚያብላላው በትልቁ አንጀቱ በሚኖሩ ረቂቅ ሕያዋን ነው፤ እነርሱም የመጣላቸውን ማሟያ እንዳለ አያሳልፉት ይሆናል። በሳሕኑ ላይ የታየውን ሁሉ ለፈረሱ የሚሰጥ ጸሐፊ እንግዲህ ሆድ ዕቃውን ዘሎታል።

ከዚህ የከፋው የቁጥሩ ነገር ነው። የአንድ ፈረስ ሕዋስ በ6 ሳሕን ቢከፈል 6 ፈረስ አይሆንም። ፈረስ ፕሮቲን የሚሠሩ 20,000 ያህል ጂኖች አሉት፤ ከመቶ 5 ስሕተት በሚፈቅድ መለኪያ ሁሉም አንድ በአንድ ቢፈተኑ፣ ማሟያው ምንም ባይሠራ እንኳ 1,000 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ የተለወጡ መስለው ይታያሉ። ጠንቃቃ ተመራማሪ ይህን ያርማል።

ነገሩን ወደ ራቤል ብንወስደውስ? የግሼ ደጋ ፈረስ የገብስ ገለባ በልቶ፣ ግጦ፣ ዳገት ለዳገት ጭነት የሚያመላልስ ነው። ሳሕኑ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በ37 ዲግሪ ሙቀትና 20 በመቶ ገደማ ኦክሲጅን ባለበት አየር ነው፤ በሕያው ጡንቻ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከዚህ በብዙ ያንሳል፤ የደጋውም አየር የሳሳ ነው። ደግሞም ማሟያዎች ያነቁታል ከሚባሉት ጂኖች አንዱ፣ የሕዋሱን የኀይል ማመንጫ የሆነውን ሚቶኮንድሪያን እንዲበዛ የሚያዘው ፒ ጂ ሲ-1 አልፋ፣ በሩጫና በድካም ጊዜ ራሱ የሚነቃ ነው። የራቤል ፈረስ ትእዛዙ አልጐደለበትም፤ የጐደለው ትእዛዙ የሚፈጸምበት ፕሮቲንና ኀይል ነው። ገለባ በፕሮቲን ድኻ ነው፤ በበጋው መጨረሻም ግጦሹ ይደርቃል። ለገብስ ወይም ለባቄላ መግዣ የሚሆነው ገንዘብ ለታሸገ ዱቄት ቢውል የሚጐዳው ባለፈረሱ ነው፤ እኛም ወደፊት መካሪዎቹ ልንሆን እንችላለንና ነገሩ ያገባናል።

ስለዚህ የምንሻው ጥናት ሌላ ነው። በርካታ የደጋ ፈረሶች ይመረጡ፤ በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ማሟያውን፣ ገሚሱ ገብስ፣ የቀሩት የለመዱትን መኖ ብቻ ይብሉ። ጡንቻቸው ከሥራ በፊትና በኋላ ይመርመር፤ ከመልእክቱም ጋር ፕሮቲኑ፣ ከፕሮቲኑም ጋር ፈረሱ ሳይደክም የሄደበት መንገድ ይለካ። ማሟያን ከባዶ ጋር ብቻ ያወዳደረ ጥናት ከአንድ ቁና ገብስ ጋርም ማወዳደር ነበረበት።