የተሰጠና የሰጠ፤ ብፅዓትና ታዛዥነት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በሁለት መንገድ ሲነበብ ኖሯል። አንደኛው ንባብ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ይከተላል፤ ሁለተኛው በጉዱ ካሣ አንደበት የባላባቱ ሥርዓት ሲነቀፍ ያዳምጣል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው የሰማን ሁሉ በፊተኛው አልቅሰናል፤ በተማሪነት ዘመናችንም ኋለኛውን ይዘን ስንከራከር አምሽተናል። በዚህ አጭር ሐተታ ልናነሣው የወደድነው ግን ከሁለቱም የሚቀድመውን፣ የበዛብህ መከራ ሁሉ የሚመነጭበትን ብፅዓት ነው።

አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ በዛብህ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን ሲያገለግል እንዲኖር ገና በልጅነቱ ወላጆቹ የተሳሉት ሰው ነው። ይህን ብዙ ሐያሲ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ያልፈዋል። እኛ እንዲህ በቀላሉ ልናልፈው አንችልም። ሐና ሳሙኤልን ሳትፀንሰው ለእግዚአብሔር ሰጥታዋለች፤ ቤተ ክርስቲያንም ታመሰግናታለች። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ ስለ ሕፃኑ ሰይጣንን የሚክዱት ሌሎች ናቸው። እንግዲህ ሰው ስለ ሌላው ቃል መግባቱ በእምነታችን እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ጥምቀት ለልጁ በር ሲከፍት፣ የበዛብህ ብፅዓት ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ የምትቈጥረውን ጋብቻ መዝጋቱ ነው።

የደራሲው ብልኀት ወላጆቹን ጨካኞች አድርጎ አለመሣሉ ነው። ስለታቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ፍቅር ባይሆን ኖሮ በዛብህን እንዲህ አጥብቆ ባላሰረው ነበር። ሐዲስ ራሳቸው በጎጃም የቅኔ ቤቶች ያደጉ ሰው በመሆናቸው ይህን ዓለም ከውስጥ ያውቁታል። በዛብህ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለን ሲያስተምር የሚጨነቀው ስለ ድንግልና ትምህርት አይደለም፤ የእናት የአባቱን ቃል እንዳያፈርስ ነው። ታዛዥነቱ በመቅደስ ውስጥ ሳይሆን በፊደልና በመጽሐፍ መካከል፣ ተማሪውን ቀና ብሎ በማየትና ባለማየት ይፈተናል። ልብ ወለዱ ከሁሉ የሚያምረው እዚህ ላይ ይመስለናል።

ከዚሁ ቤት ፊታውራሪ መሸሻን እናገኛለን። የነፍስ አባት አላቸው፤ ሃይማኖታቸውንም የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ይህ ሃይማኖት በባላገሩ ላይ የሚጭኑትን ሸክም አንዲት ቍና አላቀለለም። አንዱ በቃል ኪዳን ሲማቅቅ ሌላው ያለ አንዳች ጭንቀት ይኖራል፤ ሁለቱም ለዚያው አምላክ ይሰግዳሉ።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 27 በስለት የተሰጠ ሰው በዋጋ የሚቤዥበትን ሥርዓት ይደነግጋል፤ ከ1 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ወንድ ልጅ 5 ሰቅል ብር፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ላለ ወንድ 50 ሰቅል። ጌታም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 «ቁርባን ነው» እያሉ አባትና እናትን ከመርዳት የሚሸሹትን ይገሥጻል። ሊቃውንት በሞሉበት አገር፣ ይህን ገጽ በአንድምታ ሲያሄዱ በሚያድሩበት ደብር ዙሪያ፣ የታሪኩ አካሄድ በዚህ በር አያልፍም። ደራሲው ቢያሳልፉት ኖሮ ጉዱ ካሣ ከውጭ የሚናገረውን ያህል ቤተ ክርስቲያንም ከውስጧ የምትናገረው ይኖራት ነበር።

ከዚህ የተነሣ ጥያቄው በሞት ይዘጋል። በመንገድ ላይ የተነሡበት ወንበዴዎች በዛብህን ከኅሊናው ክርክር ይገላግሉታል። ስለቱን የጣሰ ሰው ከሠርጉ ማግስት እንዴት እንደሚጾም፣ እንዴት ለቍርባን እንደሚቀርብ፣ ልጁን ምን ብሎ እንደሚያሳድግ ለማየት ተዘጋጅተን ሳለ መጽሐፉ ወደ መቃብር ይወስደናል። አሳዛኝነቱ ከፍ ይላል፤ ለእኛ ለአንባቢዎቹ ግን የከበደው ክፍል ሳይጻፍ ቀርቷል።

ይህን አጥብቀን የምንጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በስደት የምንኖር ወላጆች እሑድ ጧት በተከራየነው አዳራሽ ልጆቻችንን በነጠላ አልብሰን ስናቆም፣ ጾሙንም ቋንቋውንም አገሩንም ስለ እነርሱ ተስለናል። ከእነርሱ መካከል ማን እንዳልተጠየቀ እናውቃለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ በወጣትነታችን ሌሎች ለትግል የተሳሉን ነን፤ በዚያ ስለት ያለፉ ጓደኞቻችንን ስንቈጥር የበዛብህ ፍርሃት እንግዳ አይሆንብንም።

ከሁሉ ይልቅ የምንመለስባት ሰብለ ወንጌል ናት። እርሷን ማንም አልተሳላትም። በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ስትጠፋ የመነኩሴ ልብስ የለበሰችው መንገደኛው እንዳያውቃት ነበር። እርሱን ከቀበረች በኋላ ያንኑ ልብስ እንደ ገና ለበሰች፤ በዚህ ጊዜ ግን የምትደበቀው ሰው አልነበረም።