ከቀለጠው ብረት በኋላ፦ «ዘ ወርልድስ ፋስተስት ኢንዲያን» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ ሒስ

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በወገራ ደጋ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። ማምሻውን መንገደኛም ነዋሪም ከብርዱ ሸሽቶ ሻይ ቤት ይገባል፤ ሻይ ቤቱም ፊልም ያሳያል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቅርቡ በዚያ ባመሸበት ዕለት የሚታየው ፊልም ርእስ «ኢንዲያን» የሚል ቃል ስላለበት፣ አብዛኛው ተመልካች የሕንድ ፊልም መስሎት ዘፈንና ጭፈራ ይጠባበቅ ነበር። ኢንዲያን ግን የአንድ የአሜሪካ ሞተር ብስክሌት ስም ነው። ዘፈን የለም፤ ጭፈራ የለም፤ አንድ ሽማግሌ በቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ብረት ሲሞርድ ይታያል። ቤቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተጋመሰ። የቀሩት በመንገዱ ዳር ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የሚጠግኑ ጥቂት ወጣቶች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ፣ ሽማግሌው የቀለጠ ብረት ወደ ቅርጹ አፍስሶ ትዕይንቱ ሲቆረጥ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ጋሼ፣ ካፈሰሰው በኋላስ ምን አደረገው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ፊልሙም አልነበረውም። ይህ ሒስ የዚያ ጥያቄ ልጅ ነው።

ፊልሙን ሮጀር ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ያዘጋጀው ሲሆን፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው አንቶኒ ሆፕኪንስ ነው። ታሪኩ በእውን የኖረ ሰው ታሪክ ነው። በርት ሙንሮ እ.ኤ.አ. በ1899 በኒውዚላንድ ተወለደ፤ በ1920 ስካውት የተባለውን ባለ 600 ሲ.ሲ. ኢንዲያን ሞተር ብስክሌት ገዛ። ከፋብሪካ ሲወጣ በሰዓት ከ89 ኪሎ ሜትር የማያልፈውን ይህን ሞተር፣ ኢንቨርካርጊል በምትባለው ደቡባዊት ከተማ ሆኖ ከአርባ ዓመት በላይ ሲፈታው፣ ሲያቃናው፣ እንደ ገና ሲፈጥረው ኖረ። ፒስቶኑን በአሮጌ ጣሳ ቅርጽ ያፈስ ነበር። የሞተሩ ይዘት በመጨረሻ ወደ 950 ሲ.ሲ. ደረሰ። በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ በአሜሪካ በዩታ ግዛት በሚገኘው በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ ከ1,000 ሲ.ሲ. በታች ላሉ ሞተሮች ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ ፍጥነቱም በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ነበር። ከሞተ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ በስሌቱ ላይ ስሕተት ተገኝቶ ቁጥሩ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ታረመ። ሒሳቡ እንኳ ከሰውዬው ትዕግሥት ኋላ ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

ፊልሙ በጎጆው ውስጥ ሳለ መልካም ነው፤ እንዲያውም ከመልካም በላይ ነው። ሆፕኪንስ የሚጫወተው በፊቱ ብቻ አይደለም፤ በእጁ ነው። የጎማውን ጥርስ በወጥ ቤት ቢላ ይልጠዋል። የጎማው ስንጥቅ በመርማሪዎች ዓይን እንዳይገባ የጫማ ቀለም ይቀባዋል። የአልኮል ጠርሙስ ቡሽ ለነዳጅ ማጠራቀሚያው ክዳን ይሆናል። ከሁሉ የሚልቀው ግን በግድግዳው ላይ የተሰቀለው መደርደሪያ ነው፦ በየዘመኑ የፈነዱ፣ የተሰነጠቁና የቀለጡ ፒስቶኖች ተደርድረው፣ ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች መሆናቸው ተጽፎባቸዋል። የአርባ ዓመት ውድቀት በአንድ እይታ! ስለ ሥራ ከተሠሩ ፊልሞች ውስጥ ይህን የሚያህል ምስል ያየሁት ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን አዘጋጁ ከጎጆው ይወጣል። ሽማግሌው መርከብ ይሳፈራል፤ አሜሪካ ይገባል፤ መኪና ይገዛል፤ በየመንገዱ ደግ ሰው ይገጥመዋል፤ እያንዳንዱም ደግ ሰው ምግብ፣ መድኃኒት ወይም ምክር ሰጥቶት ከታሪኩ ይሰናበታል። አዘጋጁ ትልሙን የሚያንቀሳቅስ ውጥረት ፍለጋ ወደ መንገድ የወጣ ይመስላል። ውጥረቱ ግን እጎጆው ውስጥ ነበር፤ ትቶት ሄደ።

የወጣቱን ጥያቄ ስንመልስ ይህ ግልጽ ይሆናል። የፈሰሰው ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ውስጡ አየር ከቀረ ባዶ ነቁጥ ይፈጠርበታል፤ ይህም ከውጭ አይታይም። ከቅርጹ የወጣው ፒስቶን በቶርኖ ይላጋል፣ ይመዘናል፣ ይሞረዳል። ፒስቶኑ አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሩ ቀልጦ የተሠራ ጥቁር ብረት ሲሆን፣ ሁለቱ በሙቀት እኩል አይሰፉም። በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት የፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ የማይሞላ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ከጠበበ ሞተሩ በፍጥነት ላይ ሳለ ነክሶ ይቆማል፣ ከሰፋ ደግሞ ኃይሉ በጎን ይተናል። ባለሙያው የወራት ሥራው ሜዳ ላይ ደርሶ ይህን ፈተና እስኪያልፍ ድረስ መልካም ይሁን መጥፎ አያውቅም። ለድራማ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ጠያቂው ወጣት ይህን የሚጠይቀው ለጨዋታ አልነበረም። በመጠገኛ ቤቱ ጥግ አንድ አሮጌ ሞፔድ፣ ማለትም ፔዳል ያለው ባለ 50 ሲ.ሲ. ሞተር ብስክሌት አለው። ፔዳሉን አውጥቷል፤ መብራቱን፣ የጭቃ መከላከያውንና የዕቃ መጫኛውን ጥሎለታል፤ መሪውን ዝቅ አድርጎ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ወስዶ፣ እንደ ውድድር ሞተር ነጂው የሚደፋበት አድርጎታል። የት እንደሚወዳደርበት ብጠይቀው ሣቀ። እስከ ምን እንደሚሄድ ማወቅ ነው የሚፈልገው። ማርሚታው ግን አስቸግሮታል። ቦታው ራሱም ያስቸግራል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ሞተር የሚተነፍሰው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ ካርቡራተሩ በዚያው መጠን ካልተቆነጠጠ ካንዴላው በጥላሸት ይታፈናል። ይህን ያስተማረው መጽሐፍ አይደለም፤ የባጃጅ ካንዴላ ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው።

ስለ ማርሚታው አንድ ታሪክ ነገርሁት፤ እዚህም ብደግመው ከጉዳያችን አያርቀንም። በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ የተቃጠለው ጢስ ሲወጣ፣ ገና ያልተቃጠለ ነዳጅና አየርም አብሮ ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በምሥራቅ ጀርመን ኤም ዜድ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ቫልተር ካደን፣ ቱቦው መጀመሪያ እየሰፋ ሄዶ ከዚያ መልሶ ቢጠብብ፣ የጢሱ የግፊት ሞገድ ከጠባቡ ጫፍ ተመልሶ ያመለጠውን ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ እንዲገፋው አደረገ። ተጨማሪ ፒስቶን የለም፤ ተጨማሪ ነዳጅ የለም፤ የቆርቆሮ ቅርጽ ብቻ። በ1961 የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር ለውድድር በሄደበት በስዊድን ከድቶ ይህን ዕውቀት ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ወሰደው፤ በማግሥቱ ዓመትም ያኔ በተጀመረው የ50 ሲ.ሲ. የዓለም ሻምፒዮና በሱዙኪ አሸነፈ። ከዚያም በ1971 እና በ1973 ኔዘርላንዳዊው ያን ደ ፍሪስ የዚሁ ክፍል ሻምፒዮን የሆነው በክራይድለር ነው፤ የውድድር ሞተሩ መነሻም ፋብሪካው ለመንገድ የሚሸጠው ፍሎሬት የተባለ አነስተኛ ሞተር ብስክሌት ነበር። ቅርጽና ይዘት ተለያይተው አይቆሙም እያልን በሥነ ጽሑፍ ሒስ የምንጽፈው ነገር፣ በዚህ ቱቦ ውስጥ በእጅ የሚዳሰስ እውነት ሆኖ ይገኛል።

የፊልሙ ሁለተኛ ጉድለት ጊዜን የሚያጥፍበት መንገድ ነው። በእውነተኛው ታሪክ ሙንሮ ወደ ቦንቪል ደጋግሞ ተመላልሷል፤ በ1962፣ በ1966 እና በ1967 ክብረ ወሰን አስመዝግቧል፤ በመካከሉም ሞተሮቹ እየፈነዱበት ተመልሷል። ፊልሙ ይህን ሁሉ አንድ ጉዞ፣ አንድ ሩጫና አንድ ድል ያደርገዋል። ለፊልም ጊዜን ማሳጠር የተፈቀደ ነው፤ አልነቅፈውም። ሆኖም እዚህ ላይ ያሳጠረው ጭብጡን ራሱን ነው። ተደጋግሞ የተሞከረ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ሲታይ ትዕግሥት መሆኑ ይቀርና ዕድል ይመስላል። ያ መደርደሪያም ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ዶናልድሰን ሙንሮ በሕይወት ሳለ ስለ እርሱ ዘጋቢ ፊልም የሠራ ሰው ነውና ይህን አላወቀም ማለት አይቻልም።

ይህን ብዬ ወደ ቤታችን ስመለከት ለመንቀፍ ድፍረቴ ይቀንሳል። የሙንሮ ጎረቤቶች በሌሊት ጩኸቱና በሣሩ መርዘም ይነጫነጩበታል እንጂ አይፈሩትም፤ ልጃቸውም ከጎጆው አይጠፋም። በእኛ በወገራና በስሜን ግን ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን የሚቀጠቅጠው ሰው ለብዙ ዘመን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ፣ ዓይኑ እየተፈራ፣ ልጅ እየተሸሸገበት ኖሯል። ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ከጎንደር ወጣ ብላ በዚሁ መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ወናፋቸውም ቀዘቀዘ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ ዕድሜው ረዘመ።

ኪነ ጥበባችንስ? ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ካየኋቸው ተውኔቶችና ካነበብኋቸው ልብ ወለዶች ሴባስቶፖልን የማስታውሰው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ወደ መቅደላ ሲጎተት፣ ንጉሡ ሲመኩበት፣ ሲያዝኑበት። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከአውሮጳውያኑ የእጅ ባለሙያዎች ጋር ምድጃውን ያነደደው፣ ወናፉን የነፋው፣ ብረቱ ሲፈስ ትንፋሹን የያዘው ያገሬው ሠራተኛ አንድ ገጽ እንኳ ሲሰጠው አላየሁም። ዶናልድሰን ከጎጆው ቶሎ ወጣ ብዬ ከስሼዋለሁ፤ የእኛ ጸሐፍት፣ ከእነርሱም አንዱ እኔ፣ እደጃፉ እንኳ አልደረስንም። ስለ ጦሩ ጽፈናል፤ ጦሩን ስለ ሠራው አልጻፍንም። ጋራዥ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ እንኳ፣ ካቴናው፣ ማርሚታው፣ ካንዴላው፣ ሞርሳው፣ ከጣልያንኛ ወጥቶ አማርኛ ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ግን እንግዳ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ወጣቱ ለሻይ ቤቱ ባለቤት ያቺን ብረት የሚፈስባትን ትዕይንት መልሶ እንዲያሳየው ለመነው። ቅርጹ በምን እንደ ተሠራ፣ አሸዋ ይሁን ሌላ፣ ደኅና አድርጎ ማየት ፈልጎ ነበር። ባለቤቱ ሰዓቱን ተመለከተ፤ በሩ ላይ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል፤ የእንግሊዝ ኳስ ሊጀመር ነው። «ነገ ና» አለው። ወጣቱ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶም ከመንገዱ ማዶ የሞረድ ድምፅ ተሰማ።