«በአንድ ጊዜ ስንት ይሠራ?» ስለ ሐሪስ ቀመር አጭር ሐተታ

የፋብሪካ አስተዳደር የሚማር ሁሉ ፎርድ ሐሪስን በስም ባያውቀው እንኳ ቀመሩን ያውቀዋል። ሐሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 «ፋክተሪ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ ያነሣው ጥያቄ፥ መኪናው ለአንድ ዓይነት ዕቃ ከተሰናዳ በኋላ ስንት ተሠርቶ ወደ ሌላው ይታለፍ የሚል ነው። ብዙ በተሠራ ቍጥር የመሰናዶው ወጪ ለብዙ ዕቃ ይከፋፈላል፤ ያልተሸጠው ግን መጋዘን ተቀምጦ ወለድ ይበላል። ለምሳሌ በወር 1,000 ዕቃ ቢፈለግ፥ የአንዱ ዋጋ 10 ሳንቲም፥ መሰናዶው 2 ዶላር፥ ወለድና እርጅናው በዓመት 10 በመቶ ቢሆን፥ ቀመሩ ወደ 2,190 ሥሩ ይላል።

ሒሳቡ እንከን አይወጣለትም። እንዲያውም ይቅር ባይ ነው፤ የታዘዘውን እጥፍ ቢሠሩ የሁለቱ ወጪዎች ድምር የሚጨምረው 25 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ 2,190ን እንደ ሕግ ቃል የሚጠብቅ ሰው ቀመሩን በደንብ አላነበበውም። የምንነቅፈው ሐሪስ ሳይናገር ያለፈውን ነው።

ይህን ጉዳይ የምዕራብ ሸዋ ባለሙያዎች ከሐሪስ በፊት ያውቁታል። ምጣድ ማጋል መሰናዶ ነው፤ ለሁለት እንጀራ ብላ እንጨት የምትፈጅ የለችም። ከመጠን በላይ የተጋገረውም ይሻግታል። በክረምት ሻጋታው ይፈጥናልና ጥቂት ጋግሪ ያሰኛል፤ እንጨቱ ደግሞ ረጥቦ ምጣዱ ስለሚዘገይ ብዙ ጋግሪ ያሰኛል። ጋጋሪዋ ሁለቱን በየወራቱ ስታመዛዝን፥ ሐሪስ ዓመቱን በሙሉ አንድ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ወደ ፋብሪካ እንምጣ። የአምቦ ማዕድን ውሃ ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጠርሙስ ይሸጣል። ተራውና የሎሚ ጣዕም ያለው በአንድ መሙያ መሥመር ተራ በተራ ይሞላሉ ብለን እናስብ። ከተራው ወደ ሎሚው መሻገር ቀላል ነው፤ ከሎሚው ወደ ተራው ሲመለሱ ግን ሽታው እስኪጠፋ ቧንቧው ይታጠባል። እንግዲህ የመሰናዶው ወጪ በቅደም ተከተሉ ይወሰናል ማለት ነው፤ ቀመሩ ግን ስለ ቅደም ተከተል አንድ ቃል የለውም። ለየብቻ የተሰሉ መጠኖችም መሥመሩ ላይ ይጋጫሉ፤ ሎሚው መጋዘን ውስጥ ሊያልቅ ሲል የተራው ተራ ገና አላለቀም። ይህን ችግር ጃክ ሮጀርስ በ1958 ለብቻው አንሥቶ መርምሮታል።

ደግሞስ የመሰናዶው ወጪ እንዳለ መወሰድ ያለበት ማን ብሎ ነው? ሺጌዎ ሺንጎ በ1969 በቶዮታ 4 ሰዓት ይፈጅ የነበረውን የባለ 1,000 ቶን ፕሬስ ቅያሬ በመጀመሪያ ወደ 90፥ ቀጥሎ ወደ 3 ደቂቃ አወረደው። መሰናዶው ወደ ሩብ ቢወርድ በቀመሩ መሠረት የአንድ ጊዜው ሥራም፥ የሁለቱ ወጪዎች ድምርም በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ከራሱ ከሐሪስ ሒሳብ ማውጣት ይቻል ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው የጠርሙሱ ነገር ነው። የመስታወቱ ጠርሙስ ተመላሽ ስለ ሆነ፥ በጉደር፥ በጌዶና በባኮ አልፎ ነቀምቴ የደረሰ ሣጥን ባዶው እስኪመለስ ድረስ ለፋብሪካው እንደ ሌለ ነው። ቀመሩ 20,000 ሙሉ ቢል፥ ያለው ባዶ ጠርሙስ 8,000 ከሆነ፥ መጠኑን የሚወስነው የጭነት መኪናው ምልልስ ነው። መጋዘን የተከማቸ ሎሚም ተራው ውሃ የሚፈልገውን ጠርሙስ አስሮ ይይዛል፤ ይህ ጉዳት በ10 በመቶው ወለድ ውስጥ አልተቈጠረም። በክፍል የሚሰጠን መልመጃ ባዶ ጠርሙስ ሁልጊዜ እንዳለ አድርጎ ይጀምራል፤ ለስላሳ ሊገዛ ሱቅ የሄደ ልጅ ግን አስቀድሞ የሚጠየቀው «ጠርሙስ ይዘሃል?» ተብሎ ነው።