ተክለ ማን? የክሎድ ማኬይ ስደትና ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ልብ ወለድ

እ.ኤ.አ. በ2009 ዣን ክሪስቶፍ ክሉቲየ የተባለ ወጣት ተመራማሪ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ የአንድ አሳታሚ ሰነዶችን ሲያገላብጥ ማንም የማያውቀው የልብ ወለድ ረቂቅ እጁ ገባ። ደራሲው ጃማይካዊው ባለቅኔ ክሎድ ማኬይ፣ የተጻፈበት ዘመን 1941፣ ጉዳዩም ኢትዮጵያ ነበር። መጽሐፉ በ2017 ሲታተም ማኬይ ከሞተ 69 ዓመት ሆኖታል።

ሥራው የማኬይ የረጅም ጉዞ ማረፊያ ነው እላለሁ። ከመጀመሪያ ግጥሞቹ ጀምሮ የተከተለው አንድ ጥያቄ ነው፦ የተገፋ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚናገረው በማን አንደበት ነው?

ጥያቄው የተወለደው ጃማይካ ነው። በክላረንደን ገጠር ከገበሬ ቤተሰብ የተገኘው ማኬይ፣ የመንደሩን ቋንቋ ፓትዋን ለግጥም እንዲያውለው ያበረታታው ዋልተር ጄኪል የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። በ1912 የወጡት ሁለት መድብሎች የዚህ ፍሬ ናቸው። የገዛ አንደበቱን እንዲያከብር የመከረው የገዢዎቹ ወገን መሆኑ ግን ቀላል ነገር አይደለም። የማኬይ ብዕር ከዚህ ቅራኔ ጋር እንደታገለ ኖሯል።

በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በባቡር ላይ አስተናጋጅ ሆኖም ሠራ። በ1919 በየከተማው በጥቁሮች ላይ ጥቃት ሲበረታ «ኢፍ ዊ መስት ዳይ» የተሰኘውን ግጥም አሳተመ። ቅርጹ የእንግሊዞች ነው፤ ባለ 14 ስንኝ ሶኔት። «ጥቁር» የሚል ቃል የለበትም፤ «ነጭ» የሚልም የለም። ተናጋሪው «እኛ» ብቻ ነው። ማኬይ የተዋሰውን ቅርጽ ሳይሰብር ባለቤቱን ለወጠው፤ ግጥሙ ከተጻፈበት ቀን አልፎ የኖረውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የስደት ዓመታት መጡ። ለንደን ላይ፣ ኋላ የኢትዮጵያ ባለውለታ ሆና አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ባረፈችው በሲልቪያ ፓንክረስት ጋዜጣ ሠራ። በ1922 ሞስኮ ሄደ፤ እስከ 1934 ድረስም በፈረንሳይ፣ በስፔንና በሞሮኮ ተንከራተተ። «ባንጆ» (1929) የዚህ ኑሮ ውጤት ነው። የማርሴይ ወደብ ሥራ ፈቶች፣ ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከአሜሪካ የመጡ ጥቁሮች፣ በሙዚቃና በክርክር ይገናኙበታል። ሴራው ልል ነው፤ ጉልበቱ ያለው በጨዋታው ውስጥ ነው። እንደ ሴንጎርና ሴዜር ያሉ ባለቅኔዎች መጽሐፉን እንደ ትልቅ ነገር የቆጠሩት፣ ለሰዎቹ ጠበቃ ሳያቆም ራሳቸውን ስላናገራቸው ይመስለኛል።

ወደ ኢትዮጵያው ልብ ወለድ የሚያደርሰው መንገድ ይህ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን፣ በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሐርለም ነው። ርዕሱ «አሚያብል ዊዝ ቢግ ቲዝ»፣ ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ገራም ማለት ነው፤ እየሳቀ የሚቀርብ ተኩላን ያስታውሳል። ለኢትዮጵያ የተቋቋመውን የእርዳታ ማኅበር ኮሚኒስቶች ለራሳቸው ዓላማ ሊጠልፉት ያደባሉ። ሴረኛው ማክሲም ታሳን ያለ ጥላ የተሣለ ክፉ ሰው ነው፤ ይህ የሥራው ግልጽ ድክመት ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ግን አንድ ነገር ይበልጥ ይነካል። የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ስሙ ልጅ ተክለ አላማያ ነው። «ልጅ» የሚለው ማዕረግ በቦታው ገብቷል፤ «አላማያ» ዓለማየሁን ይመስላል። «ተክለ» ግን ለጆሯችን የተቆረጠ ስም ነው። ተክለ ሃይማኖት ነው? ተክለ ጊዮርጊስ? ተክልነቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው ቃል ጎድሏል። ማኬይ አስቦበት ነው አልልም፤ አማርኛ አያውቅም፣ አገራችንንም አላያትም። ሆኖም አገሩ ተይዛበት፣ ሌሎች በስሙ ሊናገሩ ለሚሻሙበት ወጣት ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ደራሲውም ከአፈሩ የተነቀለ ተክል ነበርና፤ በ1948 ቺካጎ ውስጥ እስኪሞት ጃማይካን ተመልሶ አላያትም።

ስለ አድዋና ስለ ማይጨው የጥቁር ዓለም ምን እንደተሰማው ስንናገር ብዙ ጊዜ ሰልፉንና መዋጮውን እንጠቅሳለን። ይህ መጽሐፍ ከሰልፉ ጀርባ የነበረውን ትግል ያሳያል። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢያስነብቡት፣ ተርጓሚም ቢያነሣው መልካም ነው፤ ለዚያ ለጎደለ ስም ሙላቱን መስጠት የሚችለው የእኛው ቋንቋ ነው።