ሜዳው ፈርሶ ትዝታው ሲቀዳ

በሰንሰለት ሥራ በምትታወቀው የእንግሊዟ ክራድሊ ሂዝ አቅራቢያ የነበረው የዱድሊ ዉድ ስታዲየም ዛሬ መኖሪያ ሰፈር ሆኗል። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞተር ሳይክል ስፒድዌይ የሚታወቀው የክራድሊ ሂዘንስ ቡድን በ1995 ሜዳውን አጣ።

እንዲህ ያሉ ቡድኖችን የሚያስታውሱ ሰዎችን ቤት ለቤት እየፈለጉ ድምፃቸውን የሚቀርጹ ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። የክራድሊ ውጤትማ በመዝገብ አለ፦ የ1981 እና የ1983 የሊግ ዋንጫ፣ የተወዳዳሪዎቹ የብሩስ ፔንሆልና የኤሪክ ጉንደርሰን የዓለም ሻምፒዮንነት። መዝገቡ የማይናገረው ሌላውን ነው። አራት ተወዳዳሪዎች ፍሬን በሌለው 500 ሲሲ ሞተር አራት ዙር ሲሽከረከሩ፣ ግራ እግራቸው የብረት ጫማ አጥልቆ መሬቱን ሲፍቅ፣ ከኋላ ጎማ የሚፈናጠረው አፈር አጥር ዘሎ የተመልካቹን ልብስ ይሸፍነዋል። የሜታኖሉ ሽታ አፍንጫ ላይ ይቀራል። አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ውድድር ባለቀ ቁጥር ነጥቡን በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሞላል።

ይህን የሚናገር ሰው ከሌለ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው የነጥብ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ጥሩ ድምፅ ቀራጺ ደግሞ ስለ ዋንጫው ብቻ አይጠይቅም፤ ሻይ የምትሸጠው ማን ነበረች? ሞተሩን ማን ያጥብ ነበር? ይላል።

የዚያ ዘመን ደጋፊዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። በቤቱ የድሮ ፕሮግራም ወይም ፎቶ ያለው ሰው ባለታሪኩን ዛሬውኑ አስቀምጦ ይቅረጸው።