በሒሳብ መዝገብ ያልገባ የሙዝ ዋጋ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ገበያ የገባ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያያል። በዚያው አገር አፈር የበቀለው ፖም ውቅያኖስ ተሻግሮ ከመጣው ሙዝ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ፖሙ ከአጠገብ መንደር የተለቀመ ነው፤ ሙዙ ግን ከኤኳዶር ወይም ከኮስታሪካ ተነሥቶ በባሕር ላይ የሰነበተ ነው። የኤኮኖሚ መጻሕፍት ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያ የታወቀ ነው፤ ይኸውም የአየሩ ጠባይ የተስማማ፥ እርሻው ሰፊ፥ መርከቡም ትልቅ ስለ ሆነ ዋጋው ዝቅ ይላል የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ማብራሪያ ልንመረምረው አስበናል። ውሸት ነው አንልም፤ ነገር ግን እውነትነቱ እኩሌታ ብቻ ሆኖ ታይቶናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ለእኛ ሙዝ ማለት ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና የሚመጣው ነውና የውጭ አገር ሙዝ ምን አገባችሁ የሚለን ባልንጀራ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። የእነዚያን ሙዝ የሚገዛው ገበያ የእኛን ቡና የሚገዛው ገበያ ነው።

በመጀመሪያ እውነት የሆነውን እኩሌታ እንመልከት። በዓለም ንግድ የሚዞረው ሙዝ ከሞላ ጐደል ሁሉም ካቨንዲሽ የተባለ አንድ ዓይነት ነው። ዘር የለውም፤ ከእናቱ ሥር በሚወጣ ችግኝ ስለሚባዛ አንዱ ግንድ የሌላው ግልባጭ ነው። በአረንጓዴነቱ ይቈረጣል፥ 13 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ይጓዛል፥ ከደረሰ በኋላም ኤቲሊን በተባለ ጋዝ እንዲበስል ይደረጋል። ሥርዓቱ የሚደነቅ ነው። ሆኖም ሙዙን ያረከሰው ይኸው አንድ ዓይነትነት በሽታንም ይጠራል። ከካቨንዲሽ በፊት ዓለም ይበላው የነበረው ግሮ ሚሼል የተባለው ሙዝ፥ የፓናማ በሽታ በሚሉት በአፈር ውስጥ በሚኖር ፈንገስ ተጠቅቶ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከንግድ ወጣ። ከዚያ በፊት ኩባንያዎቹ በሽታ የያዘውን መሬት እየተዉ ወደ አዲስ መሬት መሻገር ልማዳቸው ነበር፤ ይህንንም ለማድረግ የቻሉት መሬቱን በእጅጉ ረክሶ ያገኙት ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ «እርሻው ሰፊ ስለ ሆነ» የሚለው ምክንያት ራሱ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ስፋቱ በምን ዋጋ ተገኘ?

ይህን ጥያቄ የጓቴማላ ታሪክ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ አጥርቶ ይመልሰዋል። በ1952 የፕሬዚዳንት ሀኮቦ አርቤንስ መንግሥት ያልታረሰ መሬት እየተወሰደ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች እንዲታደል አዋጅ አወጣ። ዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ ጦም ያደረ ብዙ መሬት ነበረው፤ ለበሽታ መጠባበቂያ ነው ይል ነበር። መንግሥት ለተወሰደው መሬት 627,572 ዶላር ካሣ በቦንድ ለመክፈል አሰበ። ቍጥሩ ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ ኩባንያው ራሱ ለግብር ብሎ ካስመዘገበው ግምት የተወሰደ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግን በ1954 ስለዚያው መሬት 15,854,849 ዶላር ጠየቀ። ለግብር ሲሆን አንድ ዋጋ፥ ለካሣ ሲሆን ሃያ አምስት እጥፍ ዋጋ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ያደራጀው ጦር ገብቶ አርቤንስ ሥልጣኑን ለቀቀ። የመንግሥቱ መገልበጥ ምክንያት ሙዝ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ይህን ያህል አንደፍርም፤ የኮሙኒዝም ፍርሃትም ትልቅ ድርሻ ነበረው። ነገር ግን በዝቅተኛው ግምት ምክንያት ሳይከፈል የቀረው ግብር ለአገሩ መንገድና ትምህርት ቤት ሊሆን ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ሙዙ የረከሰው በዚህም ጭምር ነው።

የጉልበቱም ነገር እንደ መሬቱ ነው። በ1928 በኮሎምቢያ በሲዬናጋ አካባቢ የዚሁ ኩባንያ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የጠየቁት የጽሑፍ ውል፥ በቀን የስምንት ሰዓት ሥራ፥ በሳምንት የስድስት ቀን ሥራ፥ ደመወዙም በኩባንያው ሱቅ ብቻ በሚሠራ ኩፖን መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ እንዲሆን ነበር። ኩባንያው ሰዎቹ የተቀጠሩት በኮንትራክተሮች በኩል ስለ ሆነ የእኔ ሠራተኞች አይደሉም ይል ነበር። በታኅሣሥ ወር ወታደሮች ተኰሱባቸው። ጦሩን ያዘዘው ጄኔራል የሞቱት 47 ናቸው አለ፤ በቦጐታ የነበረው የአሜሪካ ሌጋሲዮን ግን ከአንድ ሺህ እንደሚበልጡ ለመንግሥቱ ጻፈ። የሟቾቹ ቍጥር እስከ ዛሬ አልተወሰነም። የሙዙ ሣጥን ግን አንድ በአንድ ተቈጥሮ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ረዘም አድርገን ያየነው የማርቲኒክንና የጓድሉፕን ጉዳይ ነው። እነዚህ የካሪቢያን ደሴቶች የፈረንሳይ ግዛት ስለ ሆኑ ሙዛቸው በአብዛኛው የሚላከው ወደ ፈረንሳይ ነው። የሙዝን ሥር የሚቦረቡር ነቀዝ አለ፤ እሱን ለማጥፋት ከ1972 ጀምሮ ክሎርዴኮን የተባለ መርዝ በየግንዱ ሥር ይነሰነስ ነበር። መርዙን ያመርት የነበረው በቨርጂኒያ በሆፕዌል ከተማ የነበረው ፋብሪካ፥ ሠራተኞቹ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ በመታመማቸው በ1975 ተዘጋ። በ1979 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት ነገሮች ጋር መደበው። ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ፈረንሳይ በ1981 መርዙ እንደገና እንዲሸጥ ፈቀደች። በ1990 ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ለደሴቶቹ ሙዝ ግን እስከ 1993 ተራዘመ።

ክሎርዴኮን በቶሎ የሚጠፋ ነገር አይደለም። እንደ አፈሩ ዓይነት ከብዙ ዐሥር ዓመታት አንሥቶ እስከ ብዙ መቶ ዓመታት ይቈያል። ከአፈር ወደ ምንጭ፥ ከምንጭ ወደ ወንዝ፥ ከወንዝ ወደ ባሕር ዳር ወረደ። በሙዙ ፍሬ ውስጥ ግን እምብዛም አይገባም፤ የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። በፓሪስ ያለው በላተኛ ንጹሕ ሙዝ በላ። በደሴቶቹ ያለው ገበሬ በመሬት ውስጥ የሚያድገውን ሥራ ሥር፥ ዓሣ አጥማጁም በባሕር ዳር የሚያጠምደውን ዓሣ አጣ፤ በብዙ ስፍራ ማጥመድ ተከልክሏልና። በተደረገው ምርመራ ከዐሥሩ ዐዋቂ ከዘጠኙ በላይ በሚሆኑት ደም ውስጥ መርዙ ተገኝቷል። በ2010 የታተመ ጥናትም መርዙ በጓድሉፕ ወንዶች ላይ ከሚታየው የፕሮስቴት ካንሰር ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል። በ2018 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት መንግሥት የበኩሉን ኀላፊነት መቀበል አለበት ብለው ተናገሩ። ሆኖም በጥር 2023 የፓሪስ መርማሪ ዳኞች የወንጀሉን ክስ ያለ ተከሳሽ ዘጉት።

የኤኮኖሚ ትምህርት እንዲህ ያለውን ጉዳት «ውጫዊ ወጪ» ይለዋል፤ ሻጭም ገዢም ሳይከፍለው በሦስተኛ ወገን ላይ የሚወድቅ ወጪ ማለት ነው። ቃሉ ጠቃሚ መሆኑን እናምናለን፤ ግን ያስቀይመናል። «ውጭ» የሚባለው ከማን አንጻር ነው? ዓሣ አጥማጁ ከሙዙ እርሻ በታች የተወለደ፥ ወንዙም በደጁ የሚያልፍ ነው። በውጭ ያለው ሸማቹ ሆኖ ሳለ ሒሳቡ የተጻፈው ከሸማቹ ወገን ስለ ሆነ ዓሣ አጥማጁ ውጭ ተባለ።

ርካሽ ሙዝ የድኻ ልጅ ፍሬ ነው፥ ዋጋውን ብታስወድዱ የሚጐዳው የለንደን ባለ ጸጋ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ይህ ተቃውሞ ሊናቅ አይገባውም። ሸማቹ ሙዝ መግዛት ቢያቆምም የኤኳዶር ሠራተኛ ዕለቱን ሥራ ያጣል፤ ስለዚህ አትግዙ የሚል ምክር ከእኛ አይወጣም። ነገር ግን ዋጋውን ያወረደው ለድኻ ማዘን እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በእንግሊዝ አገር ትልልቅ የምግብ መደብሮች ሸማቹን ወደ ደጃቸው ለመሳብ ሙዝን እንደ ማጥመጃ ተጠቅመውበት፥ እስከ 2014 በነበሩት ዐሥር ዓመታት ዋጋው ወደ ግማሽ ሊወርድ ተቃርቧል። መደብሩ በሙዙ ያጣውን በሌላ ዕቃ ይመልሳል። በሌላው ጫፍ ያለው ሠራተኛ ግን የሚመልስበት ሌላ ዕቃ የለውም። በ2002 ሂዩማን ራይትስ ዎች በኤኳዶር የሙዝ እርሻዎች ሕፃናት ሲሠሩ፥ አውሮፕላን መድኃኒት ሲረጭም ከዚያው እንደነበሩ ገልጾ ጽፏል።

በ2017 በፌርትሬድ ኢንተርናሽናል አማካይነት የወጣ ጥናት ይህን የተሰወረ ወጪ በገንዘብ ለመተመን ሞክሯል። ለ18.14 ኪሎ ሣጥን በአማካይ 6.70 ዶላር ሆኖ አገኘው፤ የፌርትሬድ ምልክት ላለበት ሣጥን ደግሞ 3.65 ዶላር። ሙከራውን እናመሰግናለን፤ ምልክት ያለበትም ሙዝ ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለበት በግልጽ መናገሩ ያስመሰግነዋል። ነቀፋችን በመደመሩ ላይ ነው። የጐደለ ደመወዝ ሊሞላ ይችላል፤ ከአፈርና ከሰው አካል የጠፋው ግን ከእሱ ጋር በአንድ ዓምድ ሊደመር አይችልም። ዲ.ቢ.ሲ.ፒ. የተባለው የትል መድኃኒት ወንዶችን መካን እንደሚያደርግ በ1977 በካሊፎርኒያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ታወቀ፤ በኮስታሪካም የሙዝ እርሻ ሠራተኞች የነበሩ ብዙ ወንዶች በእሱ መካን ሆነዋል። ያልተወለደ ልጅ በሣጥን ስንት ሳንቲም ይታሰባል?

በገንዘብ የተከፈለውም ቢሆን የተከፈለው በፍርድ ቤት ኀይል ነው። የዩናይትድ ፍሩት ወራሽ የሆነው ቺኪታ ለኮሎምቢያ የታጠቀ ቡድን ከ1997 እስከ 2004 ከ1.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ መክፈሉን አምኖ በ2007 የ25 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ቡድኑ ስለ ገደላቸው ስምንት ሰዎች ለቤተሰቦቻቸው 38.3 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፍል የፍሎሪዳ ዳኝነት ሸንጎ የፈረደው በ2024 ነው። እነዚያ ሙዞች ከተበሉ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ዛሬ በዋጋቸው ላይ የሚጨመር ሳንቲም የለም።

ስለዚህ ተማሪ ባልንጀሮቻችን ሒሳቡን ከሚበላው ሙዝ ቢጀምሩት ይሻላል እንላለን። ማንኮዜብ የተባለው የፈንገስ መድኃኒት የሙዝን ቅጠል የሚያጠቍረውን በሽታ ለመከላከል በላቲን አሜሪካ እርሻዎች ላይ ብዙ ዘመን ከአውሮፕላን ሲረጭ ኖሯል። በ2020 የአውሮፓ ኅብረት ይህ መድኃኒት በራሱ አባል አገሮች እርሻ ላይ እንዳይረጭ ፈቃዱን ሳያድስ ቀረ። ከእርሻው አጠገብ ያለው መንደር የሚጠጣውን ውኃ የሚመረምረው ማን ነው? የምርመራውስ ገንዘብ በየትኛው ሣጥን ላይ ተጽፏል?