ከወዲያኛው ዓለም ኃይል የሚቀዳን ሰው ስለ መጫወት

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ በአሜሪካ ካሳተሙ ወዲህ፣ ጥቂት ባልንጀሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ አንድ የልብ ወለድ ሰው ሆኖ እየተናገረ፣ አንዱ ደግሞ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን እየተረከና እየዳኘ፣ አጠራጣሪውን ነገር ሁሉ ለዳይስ ፍርድ የሚተዉበት የሚና ጨዋታ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ከሚናዎቹ ሁሉ እኔን ይዞ ያስቀረኝ፣ ኃይሉን ከክንዱ ብርታት ወይም ከሰይፉ ስለት የማያገኘው፣ ከዚህ ዓለም ውጭ ካለ ረቂቅና ለሰው ልጅ ከማይራራ ምንጭ የሚቀዳው ሰው ነው። እገሌ የተባለ ደብተራ ጋኔን ስቦ አሠራ፣ በኋላ ግን የሳበው ጋኔን መልሶ ጠናበት ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው፣ ይህ ዓይነቱ ገጸ ባሕርይ ፈጽሞ ባዳ አይሆንበትም።

ብዙ ሰው ይህን ሚና ሲይዝ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጥቁር ካባ፣ ስለ ጎርናና ድምፅና እንደ ፍም ስለሚበሩ ዓይኖች ነው። ይህ ሁሉ ልብስ ነው፤ የሚናው ነፍስ ያለችው ገጸ ባሕርዩ ኃይሉን ከመጥራቱ በፊት፣ ልጥራው ወይስ ልተወው፣ ብጠራውስ ምን ያህል ልድፈር እያለ ከኅሊናው ጋር በሚሟገትባት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ይህችን ማመንታት ማዕዱን የከበቡት ሁሉ እንዲያዩአት ያላደረገ ተጫዋች፣ የፈለገውን ያህል አጋንንት ቢጠራ፣ የሚጫወተው ባለ ጠመንጃ ወታደር ነው።

ይህን ምሥጢር ከማውቃቸው ጨዋታዎች ሁሉ አብልጦ በሕጉ ውስጥ ያኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና በ«ዋርሀመር 40,000» ዓለም ላይ የቆመው «ዳርክ ኸረሲ» ነው። በዚያ በ41ኛው ሺህ ዘመን ዓለም፣ ሳይከር የሚባለው ሰው ኃይሉን የሚስበው ዋርፕ ከተባለው የአጋንንት ማደሪያ ነው፤ ለአገልግሎት ከመፈቀዱ በፊት የሚያልፍበት ፈተናም እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ፣ አንዱ ዓይኑን፣ ሌላው ጥርሱን ገብሮ ይወጣል። ተጫዋቹ ኃይሉን ሊያወጣ ሲፈልግ፣ እስከ ሥልጣኑ ወሰን ድረስ ስንት ባለ 10 ገጽ ዳይስ እንደሚጥል ራሱ ይመርጣል፤ ዳይሱ በበዛ ቁጥር ያሰበው የመሳካቱ ተስፋ ይሰፋል፣ ነገር ግን ከተጣሉት አንዱ እንኳ 9 ቢያሳይ ከወዲያኛው ዓለም አንድ ነገር ሾልኮ ይገባል። አንድ ዳይስ ለጣለ ሰው አደጋው ከ100 10 ነው፤ ሦስት ለጣለ 27 ያህል፣ አምስት ለጣለ ደግሞ 41 ያህል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በሰንጠረዥ ላይ እስከ 100 የሚቆጠር ሌላ ዕጣ ይጣላል፤ 75 ወይም ከዚያ በላይ የወጣበት ሰው ወደ ሁለተኛው ሰንጠረዥ ይሻገራል፣ በዚያም ሥጋውን ለጋኔን እስከ ማስረከብ የሚደርስ ፍርድ ይጠብቀዋል። የሕጉ ጥበብ አደጋውን ሁሉ በዕድል ላይ አለመጣሉ ነው፤ ስስቱን ተጫዋቹ በገዛ እጁ ቆጥሮ ያነሣዋል።

ስለዚህ ዳይሱን አፍሼ አላነሣም። አንዱን አነሣለሁ፣ ሁለተኛውን እጨምራለሁ፣ ሦስተኛውን ነክቼ እቆያለሁ፤ የገጸ ባሕርዬም ጸሎት በዚያው ልክ ይረዝማል። በዚህ መካከል ከባልንጀሮቼ አንዱ «ተው፣ ሁለቱ ይበቃሃል» ካለኝ፣ ሥራዬ ከግማሽ በላይ ተፈጽሟል፤ ዳይሱ ምንም ቢያሳይ ፍርሃቱ አስቀድሞ ደርሷልና።

በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ፍርዶች ከታላላቆቹ ይልቅ እወዳቸዋለሁ። ምድር ሲናወጥና ደም ሲዘንብ ሁሉም ይደነግጣል፣ ወዲያውም ይረሳዋል። ከጥቃቅኖቹ አንዱ ግን፣ በአካባቢው ያሉት ሰዎች ሁሉ አንድ ተራ ነገር ይርሱ ይላል። ችኩል መሪ ይህን አንብቦ ያልፈዋል፤ እኔ ግን መሪውን አስፈቅጄ እያንዳንዱን «አንተስ ምን ረሳህ?» እያልሁ እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ወታደሩን የሚጫወተው ባልንጀራዬ ጥቂት አስቦ «የእናቴን ቤት በር ቀለም» አለ፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮም ወታደሩ ከእኔ ሳይከር ጋር በአንድ ክፍል ማደርን እምቢ አለ፤ ይህን ያድርግ ብሎ ያዘዘው ሕግ አልነበረም።

የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ዋርሎክ ችግሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ዋርሎክ ኃይሉን የሚቀበለው ቃል ኪዳን ከገባለት ጌታ፣ ለምሳሌ ከዲያብሎስ ወገን ወይም ህልውናው ከማይመረመር ጥንታዊ ፍጡር ነው፤ ከ2ኛው እስከ 10ኛው ደረጃ ያለው የአስማት ድርሻም 2 ብቻ ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ባረፈ ቁጥር ይመለስለታል፤ ስለ ቃል ኪዳኑ ግን ሕጉ የሚያስከፍለው አንዳች ዕዳ የለም። ዕዳውን ተጫዋቹ ራሱ ካላመጣው ዋርሎኩ ደመወዙ የማይቋረጥበት ሹም ሆኖ ይቀራል። የጨዋታውን መሪ የምለምነው ጌታዬ ትንሽ ነገር እንዲያዘኝ ነው፤ ስለት ወይም የሰው ደም መጠየቅ ተለምዶ ደንዝዟል፣ «በምታድርበት ቤት አንድ መስኮት ሳትዘጋ ተኛ» የሚል ትእዛዝ ግን ጓደኞቼን ሌሊቱን ሙሉ ያነጋግራቸዋል።

በሌሎች ገጸ ባሕርያት ላይ መዓት አምጥቶ «ዳይሱ ነው ያደረገው» ማለት ነውር ነው፤ እነዚያም የሰው ድካም ናቸውና፣ ምን ያህል ጥፋት እንደሚታገሡ ጨዋታው ሳይጀመር መጠየቅ ይገባል። ከሁሉም ይልቅ ልነጋገረው የሚገባኝ አንድ ሰው አለ። ሳይከር ባለበት ቡድን ውስጥ፣ ጋኔን ቢያድርበት ተኩሶ የመግደል ግዴታ በአንዱ ባልንጀራ ላይ ይወድቃል፤ ይህን ሚና የያዘውን ሰው ለብቻው ወስጄ፣ በምን ምልክት እንደሚተኩስ ቈርጦ እንዲጽፈው፣ ጽሑፉን ግን ለመሪው ብቻ አሳይቶ ከእኔ እንዲሰውረው አደራ እለዋለሁ፤ ባውቀው ኖሮ ገጸ ባሕርዬ ሊያውቀው ከሚችለው በላይ እጠነቀቅ ነበርና።